ጨርቁን ገልብጠው ይዩት

በመርካቶ ሸማ ተራም ሆነ በሽሮ ሜዳ ዛሬ የሐበሻ ልብስ እየተባለ የሚሸጠው ሦስት ዓይነት ነው፦ በእጅ የተሸመነ፣ በማሽን የተሸመነ እና ጥለቱ የታተመበት ጨርቅ። ከሩቅ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የወጣባቸው ጉልበትና የሚያገለግሉት ዘመን ግን ለየቅል ነው።

የእጅ ሥራው ከጥጥ ይጀምራል። ጥጡ በመዳመጫ ፍሬው ይወጣለታል፤ በደጋን ይነደፋል፤ ባዘቶ ሆኖ በእንዝርት ይፈተላል። በልማድ ፈትሉ የሴቶች፣ ሽመናው የወንዶች ሥራ ሆኖ ኖሯል። አሁን አሁን ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል የሆነ ልብስ በርክቷል። ሸማኔው ከመሸመኛው ሥር በተቆፈረ ጉድጓድ አፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ ይሰዳል፤ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ይከፍታል፤ በእጁ መወርወሪያውን ከወዲያ ወዲህ ይወረውራል። የሸማው ወርድ እጁ ከሚደርስበት ስለማያልፍ ሰፊ ልብስ የሚገኘው ጎን ለጎን በመስፋት ነው። ውፍረቱ ደግሞ በድርቡ ይለያል፦ ነጠላ ሁለት፣ ጋቢ አራት ድርብ ነው።

ጥለቱ ላይ ሲደረስ ሥራው ይዘገያል። ሸማኔው የድሩን ክሮች በጣቱ እየቆጠረ ያነሳል፤ ባለቀለሙን ክር በሥራቸው ያሳልፋል፤ ከዚያ በነጩ ማግ አጥብቆ ይመታዋል። ይህ ለእያንዳንዱ መስመር ይደጋገማል። ሽመናው አልቆ በመርፌ የሚሠራው ጥልፍ ከዚህ የተለየ ሙያ ነው፤ ጥለት ከጨርቁ ጋር አብሮ ይሸመናል፣ ጥልፍ ግን ባለቀ ጨርቅ ላይ ይጨመራል።

በአዲስ አበባ ይህን ሙያ በሰፊው የያዙት ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከጨንቻ የመጡ ሸማኔዎችና ልጆቻቸው ናቸው። አገሩ ሁሉ በእጃቸው ሥራ በዓል እያከበረ፣ ባለእጅ እየተባሉ ሲናቁ ኖረዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት የደረሱት ነቀፌታው ሥር የሰደደ ስለነበረ ነው።

የዛሬው ፈተና ከስድብ ይልቅ የኅትመት ማሽን ነው። ማሽኑ ሸማኔው በብዙ ድካም ያወጣውን ጥለት በፎቶግራፍ ወስዶ በርካሽ ጨርቅ ላይ ያትመዋል። ሕጉም ብዙ አያግዝም። አዋጅ ቁጥር 123/1987 ለኢንዱስትሪያዊ ንድፍ ጥበቃ ይሰጣል፤ ሆኖም ንድፉ አዲስ መሆን አለበት። ከአባት ለልጅ የወረደ ጥለት በዚህ መንገድ ባለቤት አያገኝም።

ሕንድም ይህንኑ ፈተና ቀምሳዋለች። የባናራስን የሐር ሳሪ በሱራት ከተማ ያሉ የኤሌክትሪክ መሸመኛዎች እያስመሰሉ በርካሽ ያወጡት ነበር። የሕንድ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1985 ባወጣው ሕግ የተወሰኑ ጨርቆች በእጅ ብቻ እንዲሸመኑ ደነገገ፤ በ2009 ደግሞ የባናራስ ሳሪ በተሠራበት አካባቢ ስም ተመዘገበ። ማስመሰሉ ፈጽሞ ባይቀርም ሸማኔው የሚከራከርበት ስምና መብት አግኝቷል። ለዶርዜና ለሽሮ ሜዳ ጥለትም እንዲህ ያለ የአካባቢ ስም ጥበቃ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ዳኛው ገዢው ነው። በዓል ሲደርስ ወደ ሸማ ተራ የሚሄድ ሰው ጥለቱን ገልብጦ ይመልከት። በእጅ የተሠራው በጀርባው የክሩን መሄጃና መታሰሪያ ያሳያል፤ ሲዳስሱትም ጥለቱ ከነጩ ከፍ ብሎ ይታወቃል። የታተመው ጀርባው የደበዘዘ ነው፤ ሲዳሰስም ልሙጥ ነው። የታተመውን መግዛት ነውር የለውም፤ በእጅ ሥራ ዋጋ መግዛት ግን ኪሳራው የገዢውም የሸማኔውም ነው።