መታቀብም ዕውቀት ይፈልጋል

ወላጅ ልጁን የሃይማኖት ተቋም ወደሚያስተዳድረው ኮሌጅ ሲልክ፣ «እዚያ ምንም አይገጥማትም» ብሎ ልቡ ያርፋል። ሐሳቡ ደግ ነው፤ ግን ይበቃል ወይ?

በአሜሪካ የሚገኘው ቦስተን ኮሌጅ በካቶሊክ ጀስዊቶች እ.ኤ.አ. በ1863 የተመሠረተ ነው። ቤተ ክርስቲያኒቱ ሰው ሠራሽ የወሊድ መከላከያን ስለማትፈቅድ ኮሌጁም ኮንዶም አያድልም። የተወሰኑ ተማሪዎች ግን ተደራጅተው በመኝታ ክፍሎቻቸው ኮንዶምና ስለ ጾታዊ ጤና የሚያስረዱ ጽሑፎችን ማደል ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በማርች 2013 ኮሌጁ ድርጊቱ ከካቶሊክ ተልዕኮው ጋር እንደማይስማማ ገልጾ፣ ካላቆሙ በዲሲፕሊን ሊጠየቁ እንደሚችሉ በደብዳቤ አስጠነቀቃቸው። ጉዳዩ የጋዜጦች መነጋገሪያ ሆነ፤ የሲቪል መብት ጠበቆችም ገቡበት።

እኔ ኮሌጁ እምነቱን በመጠበቁ አልፈርድበትም። ነገር ግን ማደልና ማስተማር ይለያያሉ። በእኛ አገር ለኤች አይ ቪ መከላከያ የተማርናቸውን ሦስት «መ»ዎች አስታውሱ፦ መታቀብ፣ መወሰን፣ መጠቀም። የሃይማኖት ተቋም በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ላይ ቢጸና ማንም አይነቅፈውም። ሦስተኛውን ለጤና ጣቢያ ሊተው ይችላል። ስለ ሕመሙና ስለ ሕክምናው እንዳይወራ በሩን ከዘጋ ግን የሚጎዱት የታቀቡትም ጭምር ናቸው።

ለምን ቢሉ፣ የታቀበች ልጅ ልትደፈር ትችላለች። በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰች ኤች አይ ቪን የሚከላከል መድኃኒት ይጀመርላታል፤ በቶሎ በጀመረች ቁጥር ይሻላል። ይህን ካላወቀች ሰዓቱ በእፍረትና በለቅሶ ያልፋል። ፖስት ፒል ብቻ ውጣ የተረጋጋችም ተሳስታለች፤ እሱ እርግዝናን እንጂ ኤች አይ ቪንም ሆነ ጨብጥን አይከላከልም።

በድንግልና ያገባችም ከባሏ ክላሚዲያ ወይም ጨብጥ ሊይዛት ይችላል። ሁለቱም በብዙ ሴቶች ላይ ምልክት ሳያሳዩ ቆይተው የማሕፀን ቱቦን ሊጎዱና መካን ሊያደርጉ ይችላሉ። በጊዜ ከታወቁ ግን በመድኃኒት ይድናሉ፤ ባልም አብሮ መታከም አለበት።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ወደ ኮሌጅ ከመሄዷ በፊት ሻንጣዋን ስታዘጋጁ ይህንንም አብራችሁ ንገሯት፤ ወንዱንም እንዲሁ። «አንድ ነገር ቢደርስብሽ በዚያው ቀን የት ትሄጃለሽ? ለማን ትነግሪያለሽ?» ብላችሁ ጠይቁ። በግቢው አቅራቢያ ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ አብራችሁ አጣሩ። «አልቆጣሽም፣ ደውዪልኝ» የሚለውንም ከአፋችሁ ትስማ። ቁጣው ካስፈራት ለእናንተም ለሐኪምም ሳትናገር 72 ሰዓቱ ያልቅባታል።