«አለቀለት» ለማለት አትቸኩሉ

ቀራንዮ ውስጥ ኳስ ሲጫወት ጉልበቱ የተጎዳ ልጅ ታሪኩ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ጓደኞቹ ደግፈው ያወጡታል፣ ወጌሻ ያሸዋል፣ በፋሻ ይታሰራል። በሦስተኛው ሳምንት «ሰው ጎሎናል፣ ግባ!» ይባላል። ይገባል፤ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሜዳ ዳር የቆመው ደጋፊም ፍርዱን ለመስጠት አይዘገይም፤ «እሱማ አለቀለት!»

ለዚህ ፍርድ ጥሩ መልስ ያላት ከኳስ ዓለም ውጪ ያለች ሩሲያዊት ነች። ጅምናስቲክ ቀራንዮ ላይ ብዙ የሚወራለት ስፖርት ባይሆንም ጉልበት ግን የትም ጉልበት ነው።

አሊያ ሙስታፊና እ.ኤ.አ. በ2010 ሮተርዳም ላይ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ገና በ16 ዓመቷ ሁለት ወርቅና ሦስት ብር ጠራርጋ ወሰደች። በአጠቃላይ ውጤት የዓለም ሻምፒዮን የተባለችውም ያኔ ነው። ስድስት ወር ሳይሞላት፣ በ2011 ሚያዝያ በርሊን ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮና ከባዱን ዝላይ ዘልላ ስታርፍ የግራ ጉልበቷ ጅማት ተበጠሰ። ብዙ ኳስ ተጫዋቾችን ለወራት ከሜዳ የሚያርቀው ያው ጉዳት ማለት ነው። የለንደን ኦሊምፒክ ሊደርስ የቀረው አንድ ዓመት ከጥቂት ወራት ብቻ ነበር።

ሙስታፊና ግን አልተጣደፈችም። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፣ የዚያ ዓመት የቶኪዮ የዓለም ሻምፒዮና አለፋት፣ ወደ ውድድር የተመለሰችው ከስምንት ወር በኋላ ነው። ስትመለስም ጉልበቷን የጎዳውን ዝላይ ትታ ቀለል ባለው ተካችው። ዝላይ ላይ ያጣችውን ነጥብ ከፍና ዝቅ ባሉት ሁለት ዘንጎች ላይ ፈለገችው፤ አገኘችውም! ለንደን 2012 ላይ በዘንጎቹ በ16.133 ነጥብ ወርቅ ወሰደች። ከቡድን ብርና ከሁለት ነሐስ ጋር አራት ሜዳሊያ ይዛ ተመለሰች። በ2016 ሪዮ ላይም የዘንጎቹን ወርቅ ደገመችው። በ2017 ልጅ ወልዳ እንደገና ወደ ውድድር መጣች። በ2021 ጫማ ሰቀለች እንዳይባል ጅምናስቲክ በባዶ እግር ነው፤ ብቻ በሰባት የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ተሰናበተች።

«እሷማ ሩሲያ ናት፣ ሐኪሙም መንግሥቱም ከጎኗ ነው» የሚል ይኖራል። እውነቱን ነው። የቀራንዮ ልጅ የጉልበት ቀዶ ጥገና የሚከፍልለት ብሔራዊ ቡድን የለውም። ግን ከሙስታፊና ታሪክ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮችም አሉ። አንደኛው ትዕግሥት ነው። የተበጠሰ ጅማት በመታሸት አይቀጠልም፣ በሦስት ሳምንትም አይድንም፤ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። ሁለተኛው አጨዋወትን መቀየር ነው። በፍጥነቱ ይታወቅ የነበረ አጥቂ ሲመለስ እንደ ድሮው ባይሮጥ፣ ኳስ አከፋፋይ ሆኖ ቡድኑን ሊጠቅም ይችላል።

ሦስተኛው የደጋፊው ድርሻ ነው። ከጉዳት የተመለሰ ልጅ ከግጭት ሲሸሽ «ፈሪ!» ብሎ የሚጮህበት፣ ሳይድን «ግባ» ብሎ የሚገፋው ያው ደጋፊ ነው። የብዙ ልጅ ኳስ የሚያበቃው መጀመሪያ በተጎዳ ቀን ሳይሆን ሳይድን በገባበት ቀን ነው። ቀጣዩ እሁድ ሜዳ ዳር ያለ ሰው፣ ያ ልጅ ጉልበቱን ይዞ ሲቀመጥ «አለቀለት» ከማለቱ በፊት «ተነስ» ማለቱን ይተውለት።