ምስክሩ ሳይሰማ በካምቢዮ አይፈረድም

ከቤት ሀብት መካከል ሲሠራ የማይመሰገን፥ ሲታመም ግን ቤተ ሰቡን ሁሉ የሚያውክ ቢኖር አሮጌ የጭነት መኪና ነው። እህል ወደ ገበያ፥ በሽተኛ ወደ ሐኪም ቤት፥ ሚዜ ወደ ሰርግ ቤት ሲያመላልስ ልብ የሚለው የለም። አንድ ቀን ማርሹ አልገባም ብሎ የጮኸ እንደ ሆነ ግን «ይሸጥ» የሚል ድምፅ ከየማዕዘኑ ይነሣል። በፍርድ ቤት ጽሕፈት የኖረ ሰው እንዲህ ያለውን ችኩል ውሳኔ ሲሰማ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ምስክሩ ተሰምቷልን?» ብሎ ነው። ካምቢዮም እንደ ተከሳሽ ስለ ሆነ ምስክሮቹ ሳይሰሙ ሊፈረድበት አይገባም።

ነገሩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ያሳስባል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ የማይሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ማስታወቁን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። ስለዚህ በእጅ ያለውን በሚገባ አድሶ መያዝ ከቤት አስተዳደር ጥበብ አንዱ ሆኗል። ሂሉክስ የሚባለው የቶዮታ ፒክ አፕ መሠራት የጀመረው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1968 ነው፤ በኋላ ከወጡትም መካከል ከ30 ዓመት በላይ ያገለገሉ፥ ማርሻቸው በእጅ የሚለወጥ፥ ዛሬም በመንገዳችን ላይ ይታያሉ።

ካምቢዮ ማለት በሞተሩና በኋላ እግሮቹ መካከል የሚቀመጥ፥ መጠናቸው ልዩ ልዩ የሆነ ባለ ጥርስ መንኰራኵሮች የሚዞሩበት የብረት ሣጥን ነው። ዳገት ሲመጣ ትንሹ መንኰራኵር ትልቁን እያዞረ የሞተሩን ፍጥነት ወደ ጉልበት ይለውጠዋል። በውስጡም ዋነኞቹ ዘንጎች 3 ናቸው፤ ይኸውም ከፍሪሲዮን ኃይል የሚቀበለው ፊተኛው፥ ከበታች በዘይት ውስጥ የሚዞረው ታችኛው፥ ኃይሉን ወደ ኋላ የሚሰድደው ዋናው ዘንግ ነው። እነዚህን ሁሉ የሚሸከማቸው ኩሽኔታ ነው። በአብዛኞቹ አሮጌ ፒክ አፖች 4ኛው ማርሽ ሲገባ ፊተኛው ዘንግ ከዋናው ጋር በቀጥታ ስለሚያያዝ፥ ሸክሙ በታችኛው ዘንግ በኩል አያልፍም። ይህን ነገር አንባቢ ይያዝልን፤ ኋላ ለምስክርነት እንፈልገዋለን።

ሾፌሩ ማርሽ ሲለውጥ የሚገናኙት ሁለቱ ብረቶች በፍጥነት የተለያዩ ናቸው። እንዲሁ ቢገናኙ ይፋጫሉ። ስለዚህ በመካከላቸው አንድ የናስ ቀለበት ይገባል፤ ቀለበቱ በውስጥ በኩል ረቂቅ መስመር የተቀረጸበት ነውና የመንኰራኵሩን አንገት እያሸ ፍጥነታቸውን ያስተካክላል፥ ከዚያም በሰላም ይያያዛሉ። ይህን ዘዴ በአውቶሞቢል ላይ አድርጎ አስቀድሞ ለገበያ ያወጣው የአሜሪካው የካዲላክ ፋብሪካ ሲሆን ዘመኑም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 1928 ነበር። ናስ ከአረብ ብረት ይልቅ ለስላሳ ስለ ሆነ፥ ዋናውን መንኰራኵር አትርፎ ራሱ ያልቃል። ማለቁም በዓይን ግምት ሳይሆን በልክ ይታወቃል፤ ቀለበቱን በእጅ በመንኰራኵሩ ላይ ተጭኖ፥ በሁለቱ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ውፍረቱ በተጻፈበት ስስ የብረት ምላጭ መለካት ነው። በብዙዎቹ የቶዮታ ካምቢዮዎች ክፍተቱ ከ0.8 ሚሊሜትር ያነሰ እንደ ሆነ ቀለበቱ ይጣላል። ዳኛው ግን የየመኪናው የጥገና መጽሐፍ ነው።

ይህ ሁሉ በቤት ውስጥ እንዴት ያለ ጠብ እንደሚያነሣና እንዴትም እንደሚያበርድ፥ በደብረ ሲና አካባቢ በሚኖሩ በአንዲት ዘመዳችን ወይዘሮ ቤት የሆነውን እንናገር። ባለቤታቸው ሲሞቱ የተዉላቸው አንድ አሮጌ ሂሉክስ ነው። ታናሹ ልጃቸው እየነዳ፥ በጣርማ በር ዳገት እህልና ከሰል ወደ ደብረ ብርሃን እያወጣ፥ ቤቱ የሚተዳደረው በዚያ ነበር። 2ኛው ማርሽ መፋጨት፥ ሣጥኑም ማልቀስ በጀመረ ጊዜ፥ በአዲስ አበባ በሹመት ያለው ታላቁ ልጅ መጥቶ፥ «ካምቢዮውን በክፉ እጁ የሰበረው እርሱ ነው፤ መኪናው ይሸጥ፥ እርሱም ሌላ እንጀራ ይፈልግ» አለ። ታናሹም ከእናቱ ቤት ወጥቶ ወደ ጎረቤት ሄደ። መኪናው ቢሸጥ የሚጎድለው የብረቱ ዋጋ ብቻ አልነበረም።

ወይዘሮዋ ግን ነገሩን ሳይቆርጡ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ከደብረ ብርሃን አስጠሩ። እርሱም «እሜቴ፥ መፍቻ ከማንሣቴ በፊት መኪናውን ልጠይቀው» ብሎ ሁለቱ ወንድማማቾች በፊቱ እንዲቆሙ አደረገ። መጀመሪያ ሞተሩን አስነሥቶ፥ ማርሹን ሳያስገባ፥ እግሩን ከፍሪሲዮኑ ላይ አነሣ፤ ሣጥኑ አለቀሰ። ፍሪሲዮኑን ሲረግጥ ዝም አለ። ሲረግጡት የሚጮኽ ቢሆን ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታ በሆነ ነበር፤ ሲረግጡት ዝም ማለቱ ግን ሕመሙ በሣጥኑ ውስጥ መሆኑን ይመሰክራል። ሁለተኛ፥ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ጥቂት ሰኮንድ ቆይቶ የኋላ ማርሽ አስገባ፤ ሳይፋጭ ገባ። በዚህ ዓይነት ካምቢዮ የኋላ ማርሽ የናስ ቀለበት ስለሌለው፥ ፍሪሲዮኑ በሚገባ የማይለቅ ቢሆን ኖሮ እዚያ ይጮኽ ነበር። ሦስተኛ፥ በመንገድ ላይ ነድቶ ሰማ፤ በ1ኛው፥ በ2ኛው፥ በ3ኛውና በ5ኛው ማርሽ ልቅሶው በረታ፥ በ4ኛው ግን ቀነሰ። አንባቢ ያስታውስ፤ በ4ኛው ማርሽ ሸክም የማይነካው ታችኛው ዘንግ ነው። የታመመው የእርሱ ኩሽኔታ መሆኑ በዚህ ታወቀ። መፋጨቱም በ2ኛው ብቻ ስለ ሆነ፥ የዚያው ማርሽ ቀለበት ማለቁ ተረዳ።

አራተኛው ምስክር ዘይቱ ነበር። ከሣጥኑ ሲቀዳ ሊገኝ ከሚገባው እኩሌታው እንኳ አልተገኘም። በጣት ሲታሸት እንደ ወርቅ የሚያብረቀርቅ ትቢያ ታየበት፤ ይህ የናሱ ነው። ከመቅጃው ብሎን ማግኔት ላይ ደግሞ የብረት ቅርፊት ተገኘ፤ ይህም የኩሽኔታው ነው። እንደ ለጋ ቅባት ያለ ግራጫ ዝቃጭ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባላስደነገጠ ነበር። መካኒኩ ከዚህ በኋላ መኪናው ዘወትር ወደሚያድርበት ስፍራ ሄዶ መሬቱን በእግሩ ጫረው። ከአመዱ በታች ምድሩ በዘይት ጠቁሮ ነበር። ሠራተኛይቱም ዓመት ሙሉ አመድ ስትነሰንስበት እንደ ኖረች ተናገረች። በሣጥኑ ጀርባ ያለው ዘይት ከልካይ ጎማ ተቀዶ ኖሯል።

በዚህ ጊዜ ታናሹ ልጅ አንገቱን ደፍቶ፥ «ወንድም ጋሼ፥ ዘይት እንደሚያንጠባጥብ በፋሲካ ነግሬዎት አልነበረምን?» አለ። ታላቁም ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፥ «ነግረኸኛል፤ አሮጌ መኪና መቼም ያንጠባጥባል ብዬ መለስሁህ» ሲል በእናቱ ፊት አመነ። መካኒኩም የሁለቱን ድርሻ ለየላቸው፤ ኩሽኔታውን የበላው የዘይት ማነስ እንጂ የሾፌር እጅ አይደለም፤ የ2ኛውን ቀለበት የጨረሰው ግን ዳገት ላይ ማርሽ በችኮላ መወርወር ነው። ወይዘሮዋም መለዋወጫውን ታላቁ እንዲገዛ፥ የመካኒኩን ዋጋ ታናሹ ከጭነቱ ገቢ በየወሩ እንዲከፍል ወሰኑ። ታናሹም በዚያው ማታ ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ከእድሳቱም ሥራ ለማንኛውም ቤተ ሰብ የሚጠቅመውን እንጥቀስ። ካምቢዮ ማውረድና መስቀል አድካሚ ስለ ሆነ፥ አንድ ጊዜ ከተፈታ ኩሽኔታዎቹን፥ ቀለበቶቹን፥ ዘይት ከልካይ ጎማዎቹን ሁሉ በአንድነት መለወጥ ይሻላል። የጮኸውን ብቻ ለውጦ የቀረውን መተው ያንኑ ድካም ዳግመኛ መግዛት ነው። የፍሪሲዮኑም ሸራና ኩሽኔታ በዚያው ይመርመር። መንኰራኵሮቹ ግን ጥርሳቸው ካልተሸረፈና ካልተቦረቦረ ይኖራሉ፤ አንዱ የተሸረፈ እንደ ሆነ ከሚያዞረው ጓደኛው ጋር ሁለቱ አብረው ይለወጣሉ። አሮጌውን ሣጥን ጥሎ ከገበያ ሌላ ያገለገለ ሙሉ ካምቢዮ መግዛት የሚያቃልል ይመስላል፤ ነገር ግን ተከፍቶ ያልታየ ሣጥን ምስክሩ ያልተሰማ ሌላ ተከሳሽ ነው።

ሲፈታ እያንዳንዱ ክፍል በንጹሕ ጨርቅ ላይ እንደ አወጣጡ ተራ ይደርደር፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የተባለው ለዚህ ይመስላል። አዲስ ኩሽኔታ በዘንግ ላይ ሲገባ የሚገፋው ዘንጉን በሚነካው በውስጠኛው ቀለበቱ በኩል ነው፤ በውጭኛው የመቱት እንደ ሆነ ኳሶቹ ገና ሥራ ሳይጀምሩ ይጎዳሉ። ከመኪና በታች የሚገባ ሰውም ክሪክን ብቻ አምኖ አይግባ፤ መኪናው በጠንካራ መደገፊያ ይቁም።

ዘይቱን ስለ መምረጥም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመኪናው መጽሐፍ «ጂ ኤል 4» የሚል ከሆነ፥ ቁጥሩ ይበልጣል ተብሎ «ጂ ኤል 5» አይግባበት፤ ለዲፈረንሲያል ጥርስ ተብሎ የተጨመረበት የሰልፈር ቅመም በሙቀት ጊዜ ናሱን ሊበላው ይችላልና። መጠኑም መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ እስከ መሙያው ቀዳዳ አፍ ድረስ ነው። ከእድሳቱም በኋላ ጥቂት መቶ ኪሎሜትር እንደ ሄደ ዘይቱን መለወጥ አዲሶቹ ብረቶች የሚያራግፉትን ትቢያ ያወጣል።

እንግዲህ የቤት አባቶችና እመቤቶች ሆይ፥ ቢያንስ በወር አንድ ቀን መኪናው ከተነሣበት ስፍራ ምድሩን ተመልከቱ፤ ያያችሁትንም በቤቱ የሒሳብ መዝገብ ከነቀኑ ጻፉት። ሾፌሩ ልጅም ይሁን ቅጥረኛ፥ «ያንጠባጥባል፥ ይጮኻል» ብሎ የነገራችሁን ቃል ከመዝገቡ አግቡለት። መኪናው ሲታመም መዝገቡ አስቀድሞ ይነበብ፤ መካኒኩም ከመፍታቱ በፊት ያድምጥ። መሸጥ የሚገባ ሆኖ ቢገኝ ያን ጊዜ ይሸጥ፤ ማንም ሰው ግን ባላጠፋው ከቤቱ አይውጣ።