ከዱላው በኋላ ባዶ የቀረው ቦታ

በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ስለ ረባሽ ተማሪ ሲነሣ ከብዙ ወላጅና ከአንጋፋ መምህራን የሚሰማው መልስ «ዱላ ስለቀረ ነው» የሚል ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚደርስ የአካል ቅጣት ጠብቋቸዋል። ተገቢ ድንጋጌ ነው። ጥፋቱ በዱላው ቦታ ምንም ሳይተካ መቅረቱ ነው። ኩርኩምና ማንበርከክ ዛሬም ባልጠፉባቸው ክፍሎችስ ረብሻው መቼ ቀነሰ?

መምህር ተማሪውን የሚገዛው ሲያውቀው ነው። ስድስት ክፍል የሚያስተምር፣ በየክፍሉም ከሃምሳ በላይ ተማሪ የተቀመጠበት መምህር ከሦስት መቶ በላይ ልጆች አሉት። ስማቸውን ሳይለይ ዓመቱ ያልቃል፤ «አንተ፣ ከኋላ ያለኸው» እያለ ይጣራል። ስሙ ያልታወቀ ልጅ ደግሞ ይሉኝታ አይዘውም። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ የገባው የፕላዝማ ትምህርት ይህን አባብሶታል። ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው ትምህርት ክፍለ ጊዜውን ሲወስደው፣ ለመምህሩ የተረፉት ከስርጭቱ በፊትና በኋላ ያሉ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። ያኔ የተሸረሸረው የመምህር ክብር እስካሁን አልተጠገነም።

የቅጣቱን መንገድ እንከተለው። የክፍል አለቃው የረባሹን ስም ይጽፋል፤ ጉዳዩ የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው ዩኒት ሊደር ዘንድ ይደርሳል፤ «ወላጅ ይዘህ ና» ይባላል። እናት ዐረብ አገር ናት፣ ወይም ጉሊት ተቀምጣለች፤ አባት የቀን ሥራ ላይ ነው፣ አንድ ቀን ከቀረ የቤቱ እራት ይጎድላል። ልጁ ከሰፈር አንድ ሰው በጥቂት ብር ያግባባና «አጎቴ ነው» ብሎ ያቀርበዋል። ሰውዬው ልጁን ይቆጣል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል። ዩኒት ሊደሩ ቢጠረጥርም በረንዳው ላይ ተራ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነውና አያጣራም። «አጎት» ያላገኘው ልጅ ከግቢ ውጭ ይውላል። ከአጥሩ ማዶ የጫትና የሺሻ ቤት አለ።

እዚህ ላይ የሚዘነጋ ነገር አለ። ብዙው ረባሽ ትምህርቱ ያመለጠው ልጅ ነው። ማንበብ ሳይደላደልለት ሁለተኛ ደረጃ ገብቶ አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲማር፣ ሰነፍ ከመባል ረባሽ መባል ይሻለዋል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለውድቀቱ ብዙ ምክንያት ይኖራል፤ በየክፍሉ በጫጫታ ያለቀው ጊዜ ግን ከምክንያቶቹ አንዱ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ትምህርት ቢሮው የመምህሩን ክፍሎች ይቀንስለት፤ ያንኑ ተማሪ ቢያንስ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ያስተምር። የተቀጣ ልጅ በግቢው ውስጥ፣ ከሚያነጋግረውና ያመለጠውን ከሚያስጠናው ሰው ጋር ይዋል። ወላጅም ሳይጠራ በወር አንድ ጊዜ ብቅ ይበል። ልጅን ወደ ጎዳና ማስወጣት ግን ከነገ ጀምሮ ይቁም።