«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» ይውረድ

ወረቀቱን ከሱቃችን ግድግዳ እናውርደው። ሞያሌ ላይ በወዲህም በወዲያም ተለጥፏል፤ ከሁለቱም አገር ሕግ ጋር ግን ይጣላል። የኢትዮጵያው አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሸማች በ15 ቀን ውስጥ ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስ እንዲል ፈቅዶለታል። የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 46 ደግሞ ተገቢ ጥራት ያለው ዕቃ ማግኘትን መብት አድርጎ፣ በጉድለት ለደረሰ ጉዳትም ካሣ ጨምሮበታል። እኛ ወረቀት ስለለጠፍን አዋጅ አይሻርም።

«እኛስ ከማን እናስመልስ? አከፋፋዩ ድንበር ማዶ ነው» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ ያንገበግባል። አንድ ካርቶን ቻርጀር ገዝተን ግማሹ አልሠራ ሲል አከፋፋዩ በጣቱ ግድግዳውን አሳየን። ያው ወረቀት! እየተራገምን ወጣን። ግን እናታችን የሚሆኑ ሴት የማይበራ የእጅ ባትሪ ይዘው ሲመጡ እኛስ ያሳየናቸው ምን ነበር? የእኛ ኪሳራ የእሳቸው ዕዳ የሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ከአከፋፋዩ ጋር መሟገት ያለብን እኛ ነን። ካርቶኑን ከፍተን፣ ፈትሸን እንጫን፤ «ያለ ደረሰኝ ይረክስላችኋል» ሲሉን እሺ አንበል። ለሸማቹም ደረሰኝ እንቁረጥ፤ 15ቱ ቀን የሚቆጠረው ከተገዛበት ዕለት ነውና።