የመርከብ እሳት ማጥፊያ ጋዝና የሠራተኛው ሕይወት

በ2009 (እ.አ.አ.) የባሕር ወንበዴዎችን ለመከላከል መንግሥታት በጅቡቲ ተሰብስበው የፈረሙት ሰነድ እስከ ዛሬ በከተማይቱ ስም ይጠራል። ወንበዴው ግን ከውጭ የሚመጣ ጠላት ነው። በመርከቢቱ ሆድ ውስጥ ተቀምጦ፣ ቀለምም ሽታም ሳይኖረው ሰውን የሚገድል ሌላ ነገር አለ፤ ይኸውም ለእሳት ማጥፊያ በብረት ጠርሙስ ታሽጎ የሚጫነው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው።

ለሞተር ክፍል የሚመደበው ጋዝ የክፍሉን ይዘት እስከ 40 በመቶ የሚሞላ ሲሆን፣ ከዚሁም 85 በመቶው በ2 ደቂቃ ውስጥ መለቀቅ አለበት። ከአየር ጋር 10 በመቶ ብቻ ቢቀላቀል እንኳ ሰውን ራሱን ያስታል። እሳትን የሚያፍነው ጋዝ ሰውንም የሚያፍን መሆኑ እንግዲህ ግልጽ ነው።

ስለዚህም ዓለም አቀፉ ሕግ ሁለት የተለያዩ መቆጣጠሪያዎች እንዲኖሩ ያዛል፤ አንደኛው የቧንቧውን በር ይከፍታል፣ ሁለተኛው ጋዙን ከጠርሙሶቹ ይለቃል። ሁለቱም የሚገኙት በመልቀቂያ ሣጥን ውስጥ ነው። ጋዙ ከመውጣቱ በፊትም ቢያንስ ለ20 ሰከንድ ደወል መጮህ አለበት። ከ2002 በፊት የተሠሩ መርከቦች እንኳ ከ2010 በኋላ በመጀመሪያው የደረቅ ዶክ ጥገናቸው ሁለቱን መቆጣጠሪያዎች እንዲያሟሉ ተወስኗል።

የሆነ ሆኖ ሕግ በወረቀት ላይ ብቻ ሰውን አያድንም። በ2019 በቻይና ሻንዶንግ ክፍለ ሀገር ለጥገና በቆመ የጭነት መርከብ ላይ ጋዙ ፈስሶ 10 ሰዎች ሞቱ፤ 19 ተጎዱ። በመርከቡ ላይ እሳት አልነበረም።

ይህ ነገር ጅቡቲን በቀጥታ ይመለከታል። ከኢትዮጵያ የውጭ ንግድ እጅግ የሚበዛው በዚህ ወደብ ያልፋል፤ በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ንግድ መርከብ ድርጅት መርከቦችም መልሕቃቸውን እዚሁ ይጥሉ ነበር። ነጋዴው ዕቃው ስለ ዘገየበት መርከቢቱን ያስቸኩላል፤ ችኮላውም አያስወቅሰውም፣ የመዘግየት ክፍያው ከኪሱ ነውና። ነገር ግን በዚያ ጥድፊያ መካከል ቧንቧ የሚበይድና ጠርሙስ የሚመረምር ሠራተኛ ወደ ታች ይወርዳል።

እንግዲህ የወደብ ሹም ወደ መርከብ ሲወጣ የምስክር ወረቀቱን ብቻ አይቶ አይመለስ። ሣጥኑን አስከፍቶ ይይ፤ ደወሉን አስደውሎ ይስማ፤ የጠርሙሶቹ ክፍል ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ፣ ጥገና በሚደረግበት ጊዜም የመልቀቂያው መስመር መዘጋቱን ይጠይቅ። ነጋዴውም ለዚህ የሚጠፋውን ግማሽ ሰዓት ከኪራዩ ጋር አስቀድሞ ይቁጠረው።