አንድ መቆጣጠሪያ ቦርድ ለብዙ ማተሚያዎች፦ ቁጠባው የት ላይ ነው?

በብሪታንያ የባዝ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ኤድሪያን ቦየር እ.ኤ.አ. በ2005 የሬፕራፕን ፕሮጀክት ከጀመሩ ወዲህ፣ በተለምዶ ስሪዲ ፕሪንተር የሚባለውን ባለ ሦስት አውታር ማተሚያ በእጅ ሠርቶ መጠቀም በቤተ ሙከራዎች ዘንድ እየተለመደ መጥቷል። የፕሮጀክቱ መሠረታዊ ሐሳብ ማሽኑ የራሱን አካላት በከፊል ማተም እንዲችል ነበር፤ ስለዚህም አንድ ማተሚያ ያለው ቤተ ሙከራ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ለመሥራት መነሣሣቱ አይቀርም። በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይቀርባል፦ ማሽኖቹ ሁሉ በአንድ መቆጣጠሪያ ቦርድ ሊሠሩ አይችሉምን? የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ በሚገዛባት ኢትዮጵያ ጥያቄው ከጉጉት ያለፈ ነው። ሆኖም መልሱ ጥንቃቄን ይጠይቃል። ቦርድን መጋራት የሚበጀው ማሽኖቹ አንድ ዓይነት ሥራ በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ ሊጋሩት የሚገባው ቦርዱን ሳይሆን ኮምፒውተሩን ነው።

በቅድሚያ ቁጠባውን መመዘን ያስፈልጋል። በስፋት የሚታወቀው የአርዱኢኖ ሜጋ 2560 እና የራምፕስ 1.4 ጥምረት ለስቴፐር ሞተር ድራይቨሮች አምስት መሰኪያዎች ብቻ አሉት። አንድ ተራ ማተሚያ ለሦስቱ አቅጣጫዎችና ለፕላስቲክ መግፊያው አራት ድራይቨሮች ይፈልጋል፤ ሦስት ማሽኖች በየፊናቸው ይንቀሳቀሱ ከተባለ አሥራ ሁለት ሊሟሉ ይገባል። ሞተሮቹ፣ ድራይቨሮቹ፣ ማቅለጫዎቹ፣ የሙቀት መለኪያዎቹና ለማሞቂያዎቹ ኃይል የሚከፍቱት ትራንዚስተሮች በማሽኖቹ ቁጥር ልክ መባዛታቸው የግድ ነው። እንግዲህ ቦርድ በመጋራት በእርግጥ የሚተርፈው ከማይክሮኮንትሮለሩ እምብዛም አያልፍም።

ለዚህ ትርፍ የሚከፈለው የመጀመሪያው ዋጋ የስሌት አቅም ነው። አንድ የተለመደ ስቴፐር ሞተር በአንድ ሙሉ ዙር 200 እርምጃ ይራመዳል፤ እያንዳንዱ እርምጃ በድራይቨሩ 16 ጊዜ ሲከፈል 3200 ይሆናል። 2 ሚሊ ሜትር ርቀት ባላቸው 20 ጥርሶች የሚሽከረከረው ቀበቶ በአንድ ዙር 40 ሚሊ ሜትር ስለሚጓዝ፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 80 እርምጃዎች ይደርሳሉ። ማሽኑ በሴኮንድ 100 ሚሊ ሜትር ሲጓዝ ቦርዱ በየሴኮንዱ 8000 የእርምጃ ምልክቶችን ማመንጨት አለበት ማለት ነው። በ16 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው ማይክሮኮንትሮለር በሁለት ምልክቶች መካከል 2000 ያህል የሰዓት ምቶች ያገኛል። ሦስት ማሽኖች የተለያየ ሥራ ሲሠሩ ግን ይህ ጊዜ ወደ 670 ገደማ ይወርዳል። በዚህች ቅጽበት ውስጥ ፍጥነቱን ማስላት፣ ትእዛዝ ማንበብና ሙቀት መቆጣጠር ይጠበቅበታል። በዚያ ላይ የቦርዱ የሥራ ማኅደረ ትውስታ 8 ኪሎ ባይት ብቻ ሲሆን፣ ሦስት የተለያዩ የእንቅስቃሴ ወረፋዎችን በዚያ ውስጥ ማኖር ቀላል አይደለም። ፈጣን ባለ 32 ቢት ቦርድ ይህን እንቅፋት ሊያስወግድ ይችላል፤ ቀጥሎ የሚነሣውን ግን አያስወግድም።

ሁለተኛውና ከባዱ ዋጋ የደኅንነት ነው። በ12 ቮልት የሚሠራና 1.2 ኦም ተቃውሞ ያለው አንድ የሚሞቅ ማተሚያ ሰሌዳ 10 አምፔር ይስባል፤ ሦስቱ 30 አምፔር ይሆናሉ። በራምፕስ 1.4 ላይ ለሰሌዳው የተመደበው ፊውዝ 11 አምፔር ነው። ስለዚህ የማሞቂያዎቹ ኃይል ከቦርዱ ውጭ መለየት አለበት። ከዚህም በላይ እንደ ማርሊን ያለው ሶፍትዌር የሙቀት ንባብ ከሚጠበቀው ሲያፈነግጥ ማሞቂያዎቹን አጥፍቶ ሥራውን በሙሉ ያቆማል። ይህ ጥበቃ እሳትን ለመከላከል የተቀመጠ ነው። ቦርዱ የጋራ ሲሆን ግን በአንዱ ማሽን ላይ የላላ አንድ የመለኪያ ሽቦ የሦስት ተማሪዎችን የመመረቂያ ሥራ በአንዴ ያቋርጣል። ይህ ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ጥበቃውን ለማጥፋት የሚገፋፋ ሰው መነሣቱ አይቀርም፤ እውነተኛው አደጋም ያኔ ይጀምራል።

የተቃራኒው ወገን መከራከሪያ መሠረት የለውም ማለት ግን አይደለም። የእርምጃና የአቅጣጫ ምልክቶች ዝቅተኛ ኃይል ያላቸው በመሆናቸው አንዱን ምልክት ለበርካታ ድራይቨሮች ማካፈል ይቻላል፤ ማሽኖቹም አንዱ የሌላውን እንቅስቃሴ ይደግማሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 በወረርሽኙ ወቅት በብዙ አገሮች እንደታተሙት የፊት መከላከያ ማቀፊያዎች አንድ ዕቃ በብዛት ሲፈለግ ዘዴው ተገቢ ነው፤ የቦርዱም የስሌት ጫና አይጨምርም። ያም ሆኖ እያንዳንዱ ማቅለጫ የራሱን የሙቀት ቁጥጥር፣ እያንዳንዱ ማሽንም የራሱን የመነሻ ማብሪያ ይሻል። ምልክቱ በጋራ ሲላክ መጀመሪያ ማብሪያውን የነካው ማሽን ሌሎቹን ያለ ቦታቸው ያስቆማቸዋልና። የአንዱ አፍንጫ ቢደፈንም ሌሎቹን ሳያቆሙ እርሱን መጠገን ያስቸግራል።

ለቤተ ሙከራዎች የሚበጀው መንገድ ሌላ ነው። ኬቪን ኦኮነር የጀመሩት ክሊፐር የተባለው ሶፍትዌር የእንቅስቃሴውን ስሌት ወደ ኮምፒውተር በማዛወር ለቦርዱ ምልክቱን በሰዓቱ የመላክን ሥራ ብቻ ይተውለታል። አንድ ራስበሪ ፓይ ወይም አንድ አሮጌ ላፕቶፕ በርካታ የክሊፐር ሂደቶችን ጎን ለጎን ማስኬድ ይችላል፤ እያንዳንዱ ሂደት ግን የራሱ ቦርድ አለው። በዚህ አሠራር አቅመ ደካማ የተባሉት ባለ 8 ቢት ቦርዶች እንኳ አገልግሎታቸው ይቀጥላል፤ ኮምፒውተሩ፣ ኔትወርኩና ካሜራው የጋራ ሲሆኑ የአንዱ ማሽን የሙቀት ብልሽት በዚያው ማሽን ተወስኖ ይቀራል። በእርግጥ ኮምፒውተሩ ሲበላሽ ሁሉም ይቆማሉ፤ ነገር ግን ቦርዶቹ ከኮምፒውተሩ ጋር ያላቸው ግንኙነት ሲቋረጥ ማሞቂያዎቻቸውን ያጠፋሉ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ሆኖም የሚያብረው ድር ነው እንጂ ካስማው አይደለም። የቤተ ሙከራ በጀት የሚያጸድቁ ክፍሎችና የሚያማክሩ መምህራን የአንድን ቦርድ ዋጋ ሲያሰሉ፣ ከጎኑ የሦስት ተማሪዎችን የጠፋ ሳምንትና ያለ ጥበቃ የተተወን ማሞቂያ ሊያሰሉ ይገባል።